ፈተናውና ጃንሜዳ ሲጋጩ

መስከረም ላይ 10ኛ ክፍል የተመዘገበች አንዲት ልጅ እንውሰድ። በቆጂም አለች፣ ደብረ ብርሃንም አለች። የስፖርት መምህሯ እግሯን አይቶ ለወረዳ ውድድር አቀረባት፤ ወረዳውን አሸነፈች፣ ዞኑንም አለፈች፣ ክልል ላይ አንድ ክለብ አያት። ከዚያ ጥር ይመጣል። ጥር የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ነው። በዚያው ሰሞን ክለቦች ለጃንሜዳው አገር አቋራጭ ልምምዱን ያከርሩታል። እዚያ ቀንቷት ለብሔራዊ ቡድን ከተመረጠች ደግሞ ሆቴል ትገባለች፤ ሁለተኛው መንፈቅ ያለ እሷ ይቀጥላል። መቼስ ሁለቱን ባንድ እጅ መያዝ ከባድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ደብተሩ ነው።

በወጣቶች አገር አቋራጭ የተሰለፉልን ልጆች የትምህርት ቤት ዕድሜ ላይ ያሉ መሆናቸውን የምናስታውሰው ስንቶቻችን ነን? ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2015 ቻይና ጉያንግ ላይ የወጣት ሴቶችን 6 ኪሎ ሜትር ስታሸንፍ ገና 17 ዓመት መሙላቷ ነበር። በ2017 ካምፓላ ላይ ደገመችው። የሚገርመው ግን ከዚያ በፊት ያለው ታሪኳ ነው፤ ራሷ እንደተናገረችው በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም ብላ ከትምህርት ቤት ተባርራ ነበር! ይቅርታ ጠይቃ ተመለሰች፣ ሮጠች፤ በኋላ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የእሷ ሆነ።

ጥሩነሽ ዲባባ በተቃራኒው ትምህርት ፈልጋ ነው ከአርሲ አዲስ አበባ የመጣችው። የምዝገባ ቀን አልፎባት ማረሚያ ክለብ ገባች። በ15 ዓመቷ ኦስተንድ ላይ በወጣቶች አምስተኛ ወጣች፣ በ2003 ሎዛን ላይ ወርቁን ወሰደች። እኛ ይህንን ስናወራ «እንኳንም ምዝገባው አለፈባት» እንላለን። ልክ ነው፣ ለእሷ እንኳንም አለፈባት። ነገር ግን በዚያው ዓመት ክለብ ገብታ፣ በ19 ዓመቷ ጉልበቷ ተጎድቶ ወደ ቤቷ የተመለሰችውን ልጅ ማን ያወራላታል? 9ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችውን ትምህርት በየትኛው ገንዘብ፣ በየትኛው ሞራል ትቀጥል?

አሜሪካ ውስጥ ይሄ ነገር በሌላ መንገድ ነው የተያዘው። እዚያ አገር አቋራጭ የሃይስኩል ስፖርት ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይጀምርና ኅዳር ላይ በየግዛቱ ሻምፒዮና ያበቃል፤ ርቀቱ በአብዛኛው 5 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ትምህርት ቤት ሰባት ሯጭ ያሰልፋል፣ የአምስቱ ደረጃ ይደመራል፣ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። ስለዚህ አንደኛ የወጣው ልጅ ብቻውን ዋንጫ አያመጣም፤ አምስተኛው ልጅ ሠላሳኛ ይውጣ ስልሳኛ ትልቅ ለውጥ አለው። ያ አምስተኛ ልጅ በሕይወቱ ኦሊምፒክ አይሮጥም፣ ግን ሲሮጥ ይጮኽለታል። ውጤቱ የወደቀ ተማሪ ደግሞ እንዳይሰለፍ የሚከለክል ደንብ አለ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተገኘው ያሬድ ንጉሴ ሩጫ የጀመረው ኬንታኪ ውስጥ ሃይስኩል ገብቶ ነው። ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ ተማረ፣ የጥርስ ሐኪም የመሆን ሐሳብ ነበረው፣ ፓሪስ 2024 ላይ በ1500 ሜትር ነሐስ ወሰደ። ሩጫው ባይሳካለት ኖሮ ዲግሪው እጁ ላይ ነበር።

«አሜሪካ ገንዘብ አላት» የሚል ይኖራል። አላት። የእኛ ክለቦችም ቢሆኑ የዋዛ አይደሉም፤ ለአንዲት የገጠር ልጅ ወርሃዊ ደመወዝ ይከፍላሉ፣ በዚያ ደመወዝ ታናናሾቿ ይማራሉ። አባቷን «ደመወዙን ተዉትና ፊዚክስ ታጥና» ማለት ቀልድ ነው። እኔ በበኩሌ ክለብ ይቅር የሚል ሐሳብ የለኝም።

የምለው ሌላ ነው። ክለቡ ልጅቷን ሲያስፈርም ውሉ ላይ ትምህርት ቤቷ ይጻፍ። ካምፑ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ይቀበላት፣ የማታም ቢሆን። በውድድር ምክንያት ያለፋትን ፈተና ተመልሳ የምትፈተንበት ቀን ይሰጣት፤ የታመመ ተማሪ ምትክ ፈተና የሚፈተን ከሆነ አገሯን ወክላ የሄደችው ምን አጠፋች? ይህ ስታዲየም መገንባት አይደለም፣ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ተቀምጠው የሚጽፉት አንድ ደብዳቤ ነው። ለዕድሜ ጉዳይም ይጠቅማል። በወጣቶች ውድድር ሁልጊዜ የምንታማበት የፓስፖርት ዕድሜ ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተያዘ የትምህርት ማስረጃ ያላት ልጅ ግን ዕድሜዋን መዝገቡ ይናገርላታል።

አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እኮ የበቆጂ የስፖርት መምህር ነበሩ። እነ ደራርቱን፣ እነ ቀነኒሳን ያዩት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው። ዛሬም ልጆቹን መጀመሪያ የሚያያቸው ያ ደሞዙ አልበቃ ያለው የስፖርት መምህር ነው። ልጅቷ ክለብ ስትገባ ግን ከመዝገቡ ላይ ስሟን ሰርዞ «አቋረጠች» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላ የሚጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለውም።