የሌላውን ሕማም ስለ መልበስ

ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ በሚለያይባት በሞጆ ከተማ፣ የጅቡቲን ጭነት የሚያመላልሱት ከባድ መኪናዎች ወደ ደረቁ ወደብ ለመግባት ተራቸውን ሲጠብቁ፣ መንገደኛውም በመናኸሪያው ውስጥ ውሃና ብርቱካን ሲገዛ፣ በየመስኮቱ ሥር እጁን የሚዘረጋ ነዳይ ጠፍቶ አያውቅም፤ ታኅሣሥ 19 ተቃርቦ የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ መጉረፍ ሲጀምር ደግሞ ቁጥሩ እጅግ ይበረክታል። ዛሬ ብዕር እንዳነሣ ያስገደደኝ ግን የነዳያኑ መብዛት አይደለም፤ በዚያው መናኸሪያ አንድ ቀን ያየሁት ትንሽ ነገር ነው።

አንድ ዐይነ ስውር አዛውንት፣ የልጅ ልጃቸው በምትመስል ልጅ ትከሻ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ ወደ አንድ ሚኒባስ ቀረቡ። ወደ መቂ ሊሳፈሩ እንጂ ሊለምኑ አልመጡም ነበር። በበሩ አጠገብ የተቀመጠ ጎልማሳ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መዳፉን በአዛውንቱ ዐይን ፊት ሁለት ሦስት ጊዜ አወዛወዘ። አዛውንቱ አላዩም። ልጅቱ ግን አየች፤ አይታም አንገቷን ደፋች።

ያን ጎልማሳ በልቤ ለመርገም ቸኩዬ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን እጁን እንዲያወዛውዝ ያስተማረው የመታለል ብዛት እንደ ሆነ ተረዳሁ። የሌላ ሰው ራጅና ማኅተሙ የደበዘዘ የሐኪም ማዘዣ ይዞ ለቀዶ ሕክምና ገንዘብ ጎደለኝ የሚል፣ ደኅና እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ቀይ መድኃኒት የሚያፈስበት፣ ቀኑን ሙሉ ጥቁር መነጽር አድርጎ በዱላ ሲዳብስ ውሎ ማታ በመብራት ሥር የብሩን መልክ እየለየ የሚቆጥር፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ የሰው ሕፃን በቀን ኪራይ ወስዶ በፀሐይ እያስለቀሰ የሚለምን በየከተማችን አለ። ከእነዚህ በአንዱ የተታለለ ሰው የሚቆጨው ስለ ሰጠው ዐሥር ብር አይመስለኝም፤ ርኅራኄው መሣለቂያ በመሆኑ ያዝናል፤ ከዚያም በኋላ ማንንም ዐይነ ስውር ሲያይ አስቀድሞ የሚመጣበት አሳብ ጥርጣሬ ይሆናል።

ነገሩ የሞጆ ብቻ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በታክሲ ነጂነት እንጀራቸውን በሚያገኙባት በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ሳይቀር፣ በመላው አገር ይኸው ኃጢአት ሌላ ልብስ ለብሶ ይታያል። በእኛ አገር ዐይነ ስውርን የሚመራው ልጅ ነው፤ በዚያ ግን አንዳንዱን የሠለጠነ ውሻ ይመራዋል። ይህ ጥበብ ሥርዓት ይዞ የተጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዐይናቸውን ላጡ ወታደሮች በ1916 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በኦልደንቡርግ በተከፈተ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በአሜሪካም በ1929 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ቆሟል። ውሻው በመንገድ ማቋረጫ መቆምን፣ ጉድጓድና ደረጃን ማመልከትን፣ ከሁሉም የሚያስደንቀው ደግሞ ጌታው ሂድ ቢለው እንኳ መኪና እየመጣ ከሆነ ትእዛዙን እንቢ ማለትን ይማራል። ስለዚህም የ1990 እ.ኤ.አ. የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ውሻ ወደማይገባበት ምግብ ቤትና መደብር እንዲህ ያለው ውሻ ከባለቤቱ ጋራ እንዲገባ ፈቀደ። የቤቱ አዛዥ ሊጠይቅ የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ሆነ፦ ውሻው ለአካል ጉዳት የሚያስፈልግ ነውን፣ የሠለጠነውስ ለምን ሥራ ነው? ማስረጃ ወረቀት መጠየቅም ሆነ ስለ ሰውዬው ሕመም መመርመር ተከለከለ። እንግዲህ ይህ ሕግ የቆመው በሰው ቃል ላይ ነበር፤ ዐይነ ስውር በየደጁ ስለ ዐይኑ እንዳይሟገት የተደረገ ታላቅ አክብሮት ነው።

ሐሰተኞቹ የገቡት በዚሁ በር ነው። ለቤታቸው ደስታ ያሳደጉትን ውሻ ከገበያ የተገዛ ሰደርያ እያለበሱ መሪ ውሻ ነው ማለት የጀመሩ ብዙ ሰዎች ተነሡ። በአውሮፕላን ጉዞ ደግሞ ለመንፈስ ማጽናኛ ያስፈልጉናል እየተባለ ልዩ ልዩ እንስሳት ይቀርቡ ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. አንዲት ሴት ጣዎስ ይዛ ለመሳፈር በኒውዋርክ አውሮፕላን ማረፊያ ቀርባለች። የዚህ ሁሉ ዕዳ በማን ላይ እንደ ወደቀ አንባቢ ያስተውል። ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጸናው ደንብ መሠረት አየር መንገዶች ለመንፈስ ማጽናኛ የሚባሉትን እንስሳት እንደ መሪ ውሻ ላለመቀበል ተፈቀደላቸው፤ እውነተኛው ዐይነ ስውር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ውሻው ጤንነትና ሥልጠና ቅጽ ሞልቶ፣ አንዳንድ ጊዜም ከ48 ሰዓት በፊት አስቀድሞ እንዲያቀርብ ሊጠየቅ ይችላል። ዋሾው ውሻውን ቤቱ ትቶ ይጓዛል፤ ዐይነ ስውሩ ቅጽ ይሞላል። ያልሠለጠነው ውሻ እውነተኛውን መሪ ውሻ ነክሶት፣ ያ ውሻ ከድንጋጤው የተነሣ ከሥራው የሚሰናበትበትም ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ጌታው ሁለተኛ ዐይኑን አጣ ማለት ነው።

ከወገኖቻችን አንዱ በዚያ ከተማ ታክሲ ሲነዳ ይታሰበኛል። ውሻ ከደጅ እንጂ ከቤት በማያድርበት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽርም በማይገባበት ልማድ ያደገ ሰው ነው፤ ቢሆንም ሕጉን አክብሮ በሩን ይከፍታል። ከመኪናው ወንበር ላይ የሚጮኽ፣ የሚቧጥጥ፣ ምንም ያልተማረ ውሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ካጋጠመው በኋላ፣ በአራተኛው ቀን እውነተኛ ዐይነ ስውር እጁን ቢያነሣለት አልፎት መሄድ ይቃጣዋል። ቢሄድ በሕግ ተጠያቂ ነው፤ ከሕጉም በላይ አንድ ምስኪን በዝናብ ላይ ቆሞ ቀረ። የሞጆው ጎልማሳ መዳፍና የዚህ ነጂ ጥርጣሬ የአንድ ሐሰት ልጆች ናቸው።

የፍሎሪዳ ግዛት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ ውሻውን በሐሰት መሪ ነው ያለ ሰው ከሌላው ቅጣት በተጨማሪ 30 ሰዓት አካል ጉዳተኞችን በሚረዳ ድርጅት እንዲያገለግል ይታዘዛል። ይህን ፍርድ እጅግ ወደድሁት፤ ሕማማቸውን የለበሰባቸውን ሰዎች ቀርቦ እንዲያውቃቸው ያደርገዋልና።

አበው ለማኝን «የኔ ቢጤ» ብለው ሲጠሩት፣ በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ያለውን ልዩነት በአንዲት ቃል አፍርሰውታል። የተጎዳውን አካል በሐሰት የሚለብስ ሰው የሚያረክሰው ይህን ቃል ነው። መፍትሔው ታዲያ እያንዳንዱን ድውይ በየመስኮቱ መመርመር አይደለም፤ ይህ የአሜሪካውን ቅጽ በመዳፍ መሙላት ይሆናልና። የሰፈሩን ዐይነ ስውርና ሕመምተኛ እድሩ ያውቀዋል፣ ሰበካ ጉባኤው ያውቀዋል፣ የመስጊዱ ሽማግሌዎች ያውቁታል፤ ለቀዶ ሕክምና የሚሰበሰበው ገንዘብ በእነርሱ እጅ ቢያልፍ የውሰት ራጅ ሥራ ይፈታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ከተጀመረ ወዲህም፣ መክፈል ለማይችል ድኻ መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት ሥርዓት ስላለ፣ ማዘዣ ይዞ ለሚለምን የአገር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ምጽዋት ወደ ቀበሌው አብሮ መሄድ ነው። መንገድ ላይ ለታመመ እንግዳም ቢሆን ከመድኃኒት ቤት መድኃኒቱን ገዝቶ መስጠት ይቻላል። የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 692 ማታለልን ይቀጣል፤ ፖሊስ ከሁሉ አስቀድሞ ሕፃን የሚከራዩትንና የሚያከራዩትን ቢይዝበት እለምናለሁ።

እናንተም በሞጆ መናኸሪያ የምታልፉ ወገኖቼ፣ መስጠት ባትፈልጉ እግዜር ይስጥልኝ ብላችሁ እለፉ፤ መዳፋችሁን ግን በማንም ዐይነ ስውር ፊት አታወዛውዙ፤ እርሱ ባያይ እንኳ የምትመራው ልጅ ታያለች።