ጊታራችን ከከበሮው ጋር ይታረቅ

የኅብረታችን የሙዚቃ ክበብ ለዚህ ዓመት የተመደበለትን ገንዘብ በምን ላይ ያውል በሚለው ጥያቄ ክርክር መነሣቱን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከጊታር ተጫዋቾች ወገን የቀረበው ሐሳብ አንድ አዲስ አምፕሊፋየርና ድምፅን የሚለዋውጡ ጥቂት ፔዳሎች ይገዙ የሚል ነው። እኔ በበኩሌ ይኸን ሐሳብ እቃወማለሁ። ገንዘቡ የተቀደደውን የድራም ቆዳ ለማስለወጥና ጊታር ተማሪ ሁሉ በሳምንት ሁለት ቀን ከድራም መቺ ጋር የሚለማመድበትን ሰዓት ለማቋቋም ይዋል እላለሁ።

በክበባችን ጣቱ የማይፈጥን ጊታር ተጫዋች የለም ለማለት ይቻላል። ወጣቱ ማታ ማታ አልጋው ላይ ተቀምጦ ከስልኩ የሰማውን ሶሎ ኖታ በኖታ ይለቅማል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ ውሃ ያንቆረቁረዋል፤ የክፍሉ ልጆችም ያደንቁታል። ዳሩ ግን ይኸው ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ድራሙ ሲጀምር ሌላ ሰው ይሆናል። አስቸጋሪው ሐረግ ሲደርስ ይዘገያል፤ የለመደው ሲመጣ ደግሞ ይሮጣል፤ በመጨረሻም ቤዝ መቺውና ድራም መቺው እሱን ፍለጋ ይወጣሉ። አዳማጩ የተበላሸውን ነገር በስሙ ሊጠራው ባይችልም ጭብጨባው ይበታተናል፤ እስክስታ የሚወርደውም ትከሻውን ያቆማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አባቶቻችን የኤሌክትሪክ ጊታር ባያዩም ነገሩን አልሳቱትም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ብቻውን የሚለማመድ ሰው የጊዜው ዳኛ ራሱ ስለ ሆነ ነው። ጣቱ አንዱን ክር ለመያዝ ሲዘገይ ጊዜውም አብሮት ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ጆሮውም ይቅር ይለዋል። ይህ ይቅርታ መቶ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ መዘግየቱ የዜማው አካል ይሆናል። ያ ከስልኩ የለቀመው ሶሎ ግን ሲፈጠር ለድራም መልስ ሆኖ የተፈጠረ ነው። የትኛው ኖታ ከምቱ ጋር እንደሚያርፍ፥ የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ፥ የትኛውስ ጥቂት እንደሚጎተት ካልተያዘ፥ የተያዘው ፊደሉ ብቻ ነው፤ ንባቡ ቀርቷል።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ችክችካ የምንለው ምት በስድስት ይቆጠራል። ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርጎ ለሁለት የሚሰማው ጆሮ አለ፤ ሁለት ሁለት አድርጎ ለሦስት የሚሰማውም አለ፤ ጎበዝ ድራም መቺ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ያሰማል። ከውጭ አገር ሮክ ጊታር የተማረው ወንድማችን ግን ሁሉን በአራት ለመቁጠር ስለ ለመደ፥ ችክችካ ሲመጣ “አንድ” የሚለው ምት የት እንዳለ ይጠፋዋል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ለሦስት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ኖታ የሚደርሰው የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ አይቻልም፤ ሰውነት አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ሰውነት እንዴት እንደሚያውቀው ለመማር ውጭ አገር መሄድ አያሻንም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ተማሪ የሚያልፍበትን መንገድ እንመልከት። አቋቋም የሚማር ደቀ መዝሙር በመጀመሪያ ቁም ዜማውን ያለ መሣሪያ ይይዛል። ከዚያ መቋሚያውን ይዞ በዝማሜ ከወዲያ ወዲህ እያለ ጊዜውን በክንዱና በወገቡ ይለካል። ከበሮው የሚገባው በመረግዱ ነው፤ ምቱ የሚፈጥንበት ጽፋት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ፍጥነት የተቀመጠው በመጨረሻ ነው። የእኛ ጊታር ተማሪ ግን ከጽፋቱ ይጀምርና ወደ ቁሙ ሳይመለስ ይመረቃል።

“ጥበብ ነጻነት ናት፤ ስሜት በቁጥር አይታሰርም” የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በገናን ምሳሌ የሚያደርጉም አሉ፤ አሥሩ አውታር ያለ ከበሮ ነው የሚደረደረው ይላሉ። እውነት ነው። ትዝታንም ሲጀምሩ ያለ ምት እያንጎራጎሩ መቆየት ያምራል። ነገር ግን ይህ የሚያምረው ከበሮው ገና ዝም ስላለ ነው። በገና ደርዳሪውም ቢሆን የራሱ እርምጃ አለው፤ ቃሉና ጣቱ ተጠባብቀው ይሄዳሉ። ድራሙ ከገባ በኋላ ከምቱ ወደ ኋላ መቅረት የሚችለው ምቱ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ የማያውቀው ሰው ወደ ኋላ የቀረ ሳይሆን የጠፋ ነው። ቢ ቢ ኪንግ በጥቂት ኖታዎችና በረጅም ዝምታ የዓለምን ጆሮ የያዘ ሰው ነው። ከ1965 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በጄምስ ብራውን ባንድ ውስጥ የተጫወተው ጂሚ ኖለን ደግሞ ጊታሩን ከበሮ አስመስሎ በመምታት ነው ስሙ የሚነሣው። ሁለቱም በጣት ፍጥነት የሚታሙ አልነበሩም።

ስለ ልምምዱ የሚታየኝን ልናገር። ሜትሮኖም ማልዜል በ1815 በስሙ ያስመዘገበው መሣሪያ ነው፤ ቤትሆቨን እንኳ በ1817 ለሲምፎኒዎቹ የሜትሮኖም ቁጥር አውጥቶላቸዋል (ሁለቱም ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ሁላችን በስልካችን በነጻ እንይዘዋለን። 60 ላይ አድርጉት። ጊታሩን ሳትነኩ ሶሎውን በአፋችሁ እየዘመራችሁ በእጃችሁ አጨብጭቡ፤ በአፉ ያልተስተካከለለት በጣቱም አይስተካከልለትም። ከዚያ አንድ ኖታ ብቻ ይዛችሁ በየምቱ አንድ ጊዜ፥ ቀጥሎ ሁለት፥ ቀጥሎ ሦስት ጊዜ ምቱ፤ ሦስቱ ወደ ችክችካ ያደርሳችኋል። ይኸ አሰልቺ ነው፤ አዎን አሰልቺ ነው። ሲጸና ሁለት ምት ተጫውታችሁ ሁለት ምት ዝም በሉና በትክክለኛው ቦታ ተመለሱ። ዝምታን መቁጠር ከመጫወት ይከብዳል። ሶሎው ሦስት ጊዜ ያለ ስሕተት ካልተደገመ ቁጥሩ ከፍ አይበል፤ ሲልም በአራት ወይም በአምስት ብቻ ይሁን። እግር ደግሞ መሬት ይምታ፤ እግሩ ጣቱን ተከትሎ የሚዘገይ ሰው ገና አልጀመረም።

(ስንናገር፥ ገመድ አልባውን የጆሮ ማዳመጫ ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት። ድምፁን አዘግይቶ ስለሚያደርስ ድራሙን እየተከተላችሁ ሳለ ዘግይታችሁ ትገኛላችሁ። መድረክ ላይም ከድራሙ ርቃችሁ አትቁሙ፤ ድምፅ 10 ሜትር ለመጓዝ የሰከንድ ሦስት መቶኛ ያህል ይፈጅበታል።)

ታዲያ ሜትሮኖም በስልክ ካለ የድራም መቺ ሰዓት ለምን አስፈለገ? መሣሪያው ጊዜን ይለካል እንጂ አይጫወትም። ድራም መቺ ሰው ነው፤ ይተነፍሳል፤ ሐረጉ ሲያልቅ ምልክት ይሰጣል፤ ስትሮጥበት ፊቱን ያጠቁርብሃል። ከእርሱ ጋር ለመሄድ ማዳመጥ ግድ ነው፤ ማዳመጥ ደግሞ በመኝታ ክፍል ብቻውን ለተቀመጠ ሰው የማይገኝ ትምህርት ነው። ድራም መቺዎቻችንም ይጠቀማሉ። እስካሁን እንደ ሎሌ ከኋላ ተቀምጠው የሌላውን ስሕተት ሲሸፍኑ ነው የኖሩት፤ ሶሎው የት እንደሚያርፍ ተጠይቀው አያውቁም።

የተቃዋሚዎቹ ሌላው ምክንያት የድራሙ ጩኸት አንባቢዎችን ያውካል የሚል ነው። ይኸ ተገቢ ስጋት ነው። ስለዚህ ልምምዱ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ቢሆን፥ በድራሙም ውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ ቢጠቀጠቅ፥ ከአምፕሊፋየሩ ያነሰ ይጮኻል ብዬ አምናለሁ። ቁልፉን የሚይዘው ሰው በስብሰባው ይመረጥ። ወደ ስብሰባው የሚመጡ የጊታር ወንድሞቼና እኅቶቼም ጊታራቸውን ይዘው እንዲመጡ እለምናለሁ፤ ድራም መቺው እዚያ ይጠብቃቸዋል።