የመንገድ ዳር ምሳ ወጪ ብክነት ነውን?

በንግድ ቤት በጸሐፊነት የምሠራ እንደ መሆኔ መጠን፣ የመንገድ ወጪ ሒሳብ በየወሩ መጨረሻ በእጄ ያልፋል። ከነዳጅና ከጫኝና አውራጅ ክፍያ ቀጥሎ «ምሳ» የሚል መስመር አለ። አንዳንድ ነጋዴዎች ይህ መስመር ተሰርዞ ሾፌርና ረዳት ስንቃቸውን ይዘው መኪና ውስጥ እየበሉ ቢጓዙ ይሻላል ሲሉ ስለ ሰማሁ፣ የሚሰማኝን ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ ወደድሁ።

ከአሊዩ አምባ ተነሥቶ የአንኮበርን ዳገት ወጥቶ ደብረ ብርሃን የሚደርስ፣ ከዚያም በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው አሮጌዎቹን የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ያውቃቸዋል። ጣሪያቸው የዛገ ቆርቆሮ፣ መቀመጫቸው ረዥም አግዳሚ ነው። በጣርማ በር ብርድ እጁ የደነዘዘ ሰው ከነድስቱ የሚንተከተከውን ሽሮ ሲያይ ስለ አግዳሚው አያማርርም። ከእኛ ከተማ ከሚነሡት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸውና የሙስሊም ሥጋ የት እንደሚገኝ ማወቅ ግድ ይላቸዋል፤ የድሮዎቹ ባለቤቶች ደንበኛቸውን በመልኩ ስለሚለዩት ሳይጠየቁ ይነግሩታል። ክርስቲያኑም በጾም ቀን እንዲሁ ይስተናገዳል።

አንድ ቀን ከአለቃዬ ጋር ማሾ ልንገዛ ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ፣ ከእነዚህ ቤቶች ባንዱ ምሳ በላን። አጠገባችን የተቀመጠው የአይሱዙ ሾፌር ከዚያው ይመለስ ኖሮ፣ ዋጋው በዋዜማው ገበያ መውረዱን እንጀራውን እየቈረሰ አጫወተን። በማግሥቱ በአሮጌው ዋጋ ለመግዛት ቆርጠን ነበር የመጣነው! በዚያ ቀን ያተረፍነው ገንዘብ የብዙ ወር ምሳ ይከፍላል። በእርግጥ ስልክ አለ፤ ነገር ግን በስልክ የሚነግረን ብዙውን ጊዜ ሊሸጥልን የሚፈልገው ሰው ነው።

እነዚህ ቤቶች የሚኖሩት በአላፊ አግዳሚው ነው። መንገደኛ ሲቀር ምን እንደሚሆን የአሊዩ አምባ ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቃል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1805–1840 ዓ.ም.) ከታጁራ ጠረፍ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፈውና የሚገበያየው በዚህ ነበር፤ በ1833 ዓ.ም. የመጣው የእንግሊዝ መልክተኛ ካፒቴን ሃሪስም በዚሁ አልፏል። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ግን የባሕሩ ንግድ በሌላ በር ገባ።

ዕጣው ለባቡሩም ደርሶታል። ቀድሞ ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ፣ ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንዱን ሌሊት በድሬ ዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ነበር፤ የአዋሽ ጣቢያ ቡፌም ስሙን ያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን በሌላ ሐዲድ ይሄዳል፤ አሮጌው ሐዲድም ከአዲስ አበባ እንግዳ ማምጣቱን አቁሟል። በእኛ በኩል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ባለው የጸጥታ ችግር መንገደኛው ስለ ሳሳ፣ የቀረው ነጋዴ ስንቁን ይዞ በደጃቸው ሲያልፍ ምጣዳቸው ለማን ይጣድ?

አንድ እውነተኛ ችግር መኖሩን አልሸሽግም፤ ይኸውም ደረሰኝ ነው። አሮጌው ቤት ብዙውን ጊዜ ደረሰኝ አይቈርጥም፤ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ደግሞ ሒሳብ ሲመረመር ተቀባይነት ያጣል። ስለዚህ ጠንቃቃው ነጋዴ ሳይወድ ወደ አዲሱ ባለ ፎቅ ሆቴል ያመራል፤ እዚያ ምግቡ ውድ፣ ጨዋታውም የቴሌቪዥን ነው። የንግድ ምክር ቤታችን እነዚህን ቤቶች በየመንገዱ መዝግቦ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ የሚያሳትሙበትንና ሒሳብ የሚይዙበትን መንገድ ቢያስተምራቸው፣ ለእነርሱም ለእኛም ይጠቅማል። ምክር ቤቱ እስኪያስብበት ድረስ ቢያንስ የምሳውን መስመር አንሰርዝ።

አለቃዬ ይህን ጽሑፍ ከመላኩ በፊት አንብበውታል። መስመሩ ለጊዜው እንዲቆይ ፈቅደዋል፤ የሽሮው ዋጋ ግን በየስሙ ተለይቶ እንዲጻፍ አዘዋል።