የእጅ ሥራ የሚያለማን ባለሙያው የማኅበሩ አባል ሲሆን ነው

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በዶዮገና፣ በገበያ ቀን ማልዶ የወጣ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። እህሉ፣ ቅቤው፣ ቆጮውና ቡላው ከሚሸጥበት ስፍራ ራቅ ብለው እናቶች ጀበናና ምጣድ፣ ድስትና እንስራ ደርድረው ይቀመጣሉ። ሌሎች ደግሞ በእስር በእስር የተቋጠረ ነጭ ቃጫ ይዘው ገዢ ይጠብቃሉ። ነጋዴው መጥቶ ቃጫውን በዓይኑ ይመዝንና በራሱ ዋጋ ሰብስቦ ይሄዳል። ሚዛን የለም፤ ደረሰኝ የለም፤ ለሻጯ የሚከራከርላትም የለም።

በየስብሰባው ስለ ባህልና ቅርስ፣ ስለ ዕደ ጥበብና ስለ ተጨማሪ ገቢ ብዙ ይነገራል። አሳቡ ትክክለኛ ነው። ይሁን እንጂ እስካሁን ስናመሰግን የኖርነው ዕቃውን እንጂ ሠሪውን አይደለም። ጀበናው በኤግዚቢሽን ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ ጀበናውን የሠራችው እናት ግን ስሟ በብዙ ማኅበር መዝገብ ላይ አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለገበሬ ማኅበራትና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች አንድ ነገር ለማሳሰብ ነው። ይኸውም የእጅ ባለሙያውን በሙሉ አባልነት ሳያስገቡ የእጅ ሥራን የልማት ምንጭ ለማድረግ መሞከር ሳይዘሩ አዝመራ እንደ መጠበቅ የሚቆጠር መሆኑን ነው።

ጉዳዩ በሀዲያና በከምባታ አጣዳፊ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። አካባቢው በአገራችን ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ሲሆን የብዙው ቤተሰብ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ነው። አባት ያለውን ለልጆቹ ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከጓሮ አይበልጥም። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሀዲያና የከምባታ ወጣት ሸንኮራ ለመቁረጥ ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲወርድ ኖሯል። ከቅርብ አሥርተ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጉዞው እስከ ደቡብ አፍሪካ ርቋል። በመንገድ የቀረውን ልጅና ለደላላ ክፍያ የተሸጠውን በሬ እናንተ የመንደሩ መሪዎች ከማንም የበለጠ ታውቃላችሁ። መሬቱ አይሰፋም። ሊሰፋ የሚችለው በዚያው መሬት ላይ የሚሠራው ሥራ ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግምና በእንሰቱ እንጀምር። እንሰት እንደ አካባቢው ሁኔታ በአብዛኛው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቆይቶ ይደርሳል። ሲደርስ እናቶች የግንዱን ልባስ በቀርከሃ መፋቂያ እየፋቁ፣ አሚቾውንም እየከሰከሱ ለቆጮና ለቡላ የሚሆነውን ያወጣሉ። ከተፋቀው ልባስ በእጃቸው የሚቀረው ክር ቃጫ ነው። ሥራው በባህላችን የሴቶች በመሆኑ በብዙ ቤት የቃጫው ሽያጭ እናት ለጨው፣ ለልጆች ደብተርና ለሕክምና የምታውለው የራሷ ገንዘብ ነው።

የአዋሳ እርሻ ምርምር ማዕከል ከውጭ አገር ተቋማት ጋር የተሳተፈበትና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት የእንሰት ቃጫ በጥንካሬው አባካ ከሚባለው ቃጫ ጋር የሚስተካከል መሆኑን፣ በዚያን ጊዜም በዓመት 600 ቶን ያህል ወደ ፋብሪካዎች ይላክ እንደነበር አመልክቷል። አባካ ማለት የእንሰትና የሙዝ ዘመድ የሆነ ተክል ነው። ፊሊፒንስ ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው አባካ ከ80 በመቶ በላይ የምታመርት ስትሆን፣ ቃጫው ለመርከብ ገመድ፣ ለሻይ ከረጢት ወረቀት፣ ለገንዘብ ኖት መሥሪያ ሳይቀር ይውላል። የእኛ እናቶች ግን ይህን የመሰለ ቃጫ በእስር ቆጥረው ይሸጣሉ፤ አገራችንም ለቡናዋ ጆንያ ከባንግላዴሽ ስትገዛ ኖራለች። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይህንኑ ነው።

የማኅበር ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንዲት እናት ሦስት ኪሎ ቃጫ ይዛ ስትወጣ ዋጋ የሚቆርጠው ነጋዴው ነው። መቶ እናቶች ሦስት ሦስት ኪሎ በአንድ መጋዘን ሲያስገቡ ግን ሦስት ኩንታል ይሆናል። ለሦስት ኩንታል ነጋዴው ራሱ ይመጣል፤ ዋጋ ቢያሳንስም ሌላ ገዢ መፈለግ ይቻላል። በእርግጥ ገዢ ደህና አድርጎ የሚከፍለው በደንብ ለተፋቀ፣ ለደረቀና ለጠራ ቃጫ ነው። እንዲሁም ገንዘቡ አጓጉቶ ያልደረሰ እንሰት እንዳይቆረጥ መጠንቀቅ ያሻል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በቢላዋና በመፋቂያ ከተክል ወደ ተክል ስለሚተላለፍ፣ ለቃጫ ብሎ የሚሠራ ሁሉ መሣሪያውን በእሳት መለብለብን ሊዘነጋ አይገባም።

ሁለተኛው ጉዳይ የሸክላ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ችግሩ የገበያ ብቻ ሳይሆን የራሳችንም ነው። በያሆዴና በመሳላ በዓል ጎረቤት ሁሉ ሲጠራራ፣ ቡናው የሚፈላበትን ጀበናና ምግቡ የሚሠራበትን ድስት የሠሩት ቤተሰቦች ለብዙ ዘመን ከማዕዱ ተለይተው ኖረዋል። ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚያለፉና እንጨት የሚጠርቡ ወገኖቻችን «ፉጋ» በሚል መጠሪያ ሲዋረዱ፣ በጋብቻና በመብል፣ በቀብር ቦታ እንኳ ሳይቀር ሲገለሉ ቆይተዋል። መጠሪያው ዛሬም እንደ ስድብ የሚወረወርበት ቦታ አለ።

ይህ ነውር መሆኑ ዛሬ የተገኘ አሳብ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለሙያ በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው ያለ ልዩነት መሬት እንዲያገኝ ወሰነ፤ የገበሬ ማኅበራት የተቋቋሙትም በዚያው አዋጅ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እርሱን የተካው ቁጥር 985/2009 አባልነት በፈቃድና ያለ አድልዎ እንዲሆን፣ አንድ አባልም አንድ ድምፅ እንዲኖረው ያዛሉ። እንግዲህ የጎደለው ሕግ አይደለም። የጎደለው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሚደረገው አቀባበል ነው።

አንዳንድ መሪዎች «ማን ከለከላቸው? ራሳቸው አልመጡም እንጂ» ሲሉ ይሰማሉ። መልሱ ቀላል ነው። ለትውልድ ከደጅ የተመለሰ ሰው ሳይጠሩት አይመጣም። የመጥራቱ ኃላፊነትም በሩን የያዘው ሰው ነው።

ሌሎች ደግሞ «ፕላስቲክ በሞላበት ዘመን ሸክላ ማን ይገዛል?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ውኃ በመቅዳት ረገድ ጄሪካን እንስራን አሸንፏል፤ ገመዱንም ናይለን ይፈታተነዋል። ስለዚህ የቆየውን ዕቃ ሁሉ እንደነበረ እናስቀጥል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ጀበናንና የሸክላ ምጣድን ፕላስቲክ ሊተካቸው አይችልም። ገዢውም ሩቅ አይደለም። ሆሳዕና በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በመሆኗ ለስብሰባና ለጉዳይ ከየዞኑ እንግዳ ይገባባታል። በከምባታም የአምበሪቾን ተራራ በደረጃው እየወጣ የሚጎበኝ ሰው አለ። ይህ እንግዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ በእጁ ምን ይዞ ይመለሳል? የባለሙያዋ ምልክት ያለበት ጀበና ነው ወይስ ባዶ የውኃ ጠርሙስ?

ከዚህ በመነሣት በመጪው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ ሊወሰኑ የሚችሉ አራት ነገሮችን ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ ማን ምን እንደሚሠራ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መመዝገብ ነው። ሸክላ ሠሪዋ፣ ቃጫ የምታወጣው፣ ሰሌን ወይም ስፌት የምትሠራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ሁሉ በየስሙ ይመዝገብ። ምዝገባው በባል ወይም በአከራይ ስም ሳይሆን በባለሙያው ስም ይሁን፤ ዕጣ የመግዛት፣ የመምረጥና የመመረጥ መብቱም በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የሸክላ አፈር የሚወጣበትን ቦታ ለይቶ ማስከበር ነው። አፈሩ የሚገኝበት ቦታ በአንድ ሰው ይዞታ ውስጥ ሲወድቅ ሸክላ ሠሪዋ በልመና ወይም በክፍያ ትኖራለች። ማኅበሩ ከቀበሌው ጋር ሆኖ ቦታውን ለጋራ አገልግሎት ቢከልል፣ የተቆፈረውንም ጉድጓድ በየጊዜው ቢያስደፍን፣ ለማገዶ የሚሆን ባሕር ዛፍ በአንድ ዳገት ላይ ቢያስተክል ከባድ ወጪ አይጠይቅም። በክረምት ሸክላ የሚደርቅበት አንድ ዳስ ቢጨመር ደግሞ ሥራው ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም።

ሦስተኛ፣ ሚዛንና ደረሰኝ ነው። ቃጫው በጥራቱ በሁለትና በሦስት ደረጃ ተለይቶ ይመዘን፤ ክፍያውም በዚያኑ ዕለት ለእናቲቱ በእጇ ይሰጥ። ገንዘቡ በባል በኩል የሚያልፍ ከሆነ ቃጫው ተመልሶ ወደ ነጋዴው ይሄዳል።

አራተኛ፣ ሙያውን ማስተማር ነው። ከከተማ የመጣ አሠልጣኝ አበል ይከፈለዋል። ለአርባ ዓመት ጭቃ ያቦካች እናትም አስተማሪ ናትና የአስተማሪ ክፍያ ይገባታል። ልጆቿ ሙያውን የሚተዉት ስለሚከብዳቸው ብቻ ሳይሆን ስለሚያሳፍራቸውም ነው። የሌላው ገበሬ ልጅ ከእርሷ ጎን ተቀምጦ ሲማር ኀፍረቱ በዚያው ይሰበራል።

ለዚህ ሁሉ ከውጭ እርዳታ መጠበቅ አያሻም። ለመጀመሪያው ወቅት አንድ ሚዛን፣ አንድ ደረቅ መጋዘንና አንድ መዝገብ ይበቃል። በአንድ ገበያ ተጀምሮ ሒሳቡ ሲታይ ጎረቤት ማኅበር ራሱ ይከተላል። ከዚያ በኋላ ዩኒየኑም፣ ፋብሪካውም፣ ሆቴሉም ለመነጋገር ይመጣሉ።

ገንዘብ የማይጠይቀው የመጨረሻው ሥራ ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ እርሱም የመሪው የራሱ ነው። በጉባኤው ዕለት ሊቀ መንበሩ ሸክላ ሠሪዋን በስሟ ጠርቶ ከአባላቱ መካከል ያስቀምጣት። ቡናው ከጀበናዋ ሲቀዳ እርሷም ሌላው በሚጠጣበት ሲኒ ትጠጣ። ሕዝቡ የመሪውን ንግግር ሊረሳው ይችላል፤ ያን ቀን ያየውን ግን አይረሳም።