ስፖርት፦ ወጣቱን ተከላካይ በምን እንመዝነው?



ኳስ ባለበት ሁሉ ክርክር አለ። «ይህ ልጅ አይረባም፤ ከሜዳ ይውጣ!» ይላል አንዱ ደጋፊ። «ተወው እንጂ! ገና ልጅ ነው፤ ይማራል» ይላል ሌላው።

እኛ ግን እንዲህ እንላለን። አጥቂ ባገባው ጎል ይመዘናል። ተከላካይ ግን እንደ ዘብ ነው። በሰላም ሲታደር ዘቡን የሚያመሰግን የለም። አንድ ሌሊት ሌባ ሲገባ ግን ሁሉም ይወቅሰዋል። ስለዚህ በአንድ ቀን ስህተት አንፍረድበት።

ፓኦሎ ማልዲኒን እንመልከት። አገሩ ጣልያን ነው። በ1977 ዓ.ም. ሚላን ለተባለው ቡድን መጀመሪያ ሲሰለፍ ዕድሜው 16 ነበር። አባቱም ቀደም ሲል የዚሁ ቡድን አምበል ነበሩ። «በአባቱ ስም ነው የገባው» ያሉም ነበሩ። ማልዲኒ ግን በሥራው መለሰ። እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ፣ 24 ዓመት ለሚላን ተጫወተ። ከ900 ጊዜ በላይ ተሰለፈ። የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ 5 ጊዜ በላ።

በየመንደራችን ኳስ የሚጫወት ልጅ ሲሳሳት «ውጣ!» አንበለው። የት መቆም እንደነበረበት እናሳየው፤ ደግሞ ይሞክር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛስ «ሀ»ን ከ«ሐ» የለየነው በአንድ ቀን ነው?