ገመዱን ማን ይፍታው?

ባለፈው ዓመት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት እኛ ጥቂት ተማሪዎች ከባሕር ዳር ከተማ ወጥተን የጣናን ዳር ይዘን ወደ አንዲት መንደር ሄደን ነበር። የሄድነው ለበጎ አድራጎት ነው። በእጃችንም ሳሙና፥ ደብተርና ያረጀ ልብስ ይዘናል። በመንደሪቱ የተቆረጠ ደንገል ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ታንኳ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ይጠግናሉ። ከቤቶቹም በአንደኛው ደጃፍ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ወገቡ በገመድ ታስሮ፥ የገመዱም ጫፍ ከምሰሶው ጋር ተቋጥሮ አገኘነው። ልጁ አይናገርም፤ ስሙ ሲጠራም ዘወር አይልም። ገመዱን ግን በጣቶቹ እያፍተለተለ ይጫወትበት ነበር።

ከመካከላችን አንዱ «ይህማ ጭካኔ ነው» ብሎ ተቆጣ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ቃጣው። እናቲቱ ከጓዳ ወጥታ ሁላችንንም በየተራ ከተመለከተች በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ውኃው ከዚህ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። እኔ እንጨት ለቀማ ስሄድ ማን ይይዝልኛል? አባቱ ሐይቅ ላይ ነው የሚያድረው። ባስረው ሰው ያማኛል፤ ብፈታው ይሞትብኛል። እናንተ ተምራችኋልና እስቲ መላውን ንገሩኝ» አለችን።

መላውን ልንነግራት አልቻልንም። ከእኛ ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት የደረሱ ነበሩ፤ ፈተና በማለፍም የታወቁ ነበሩ። ሳሙናውን ሰጥተን ተመለስን። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ያ ዝምታችን ነው።

በከተማችን ስለ እንደዚህ ያሉ ልጆች ወሬ ሲነሣ የምንሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «ቤተ ሰቡ አፍሮ ደበቀው» ይባላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውም ተረት ይጠቀሳል። እርግጥ ነው፥ ሐፍረት አለ። ልጁ የእርግማን ፍሬ ነው እያለ እናቲቱን የሚወነጅል ጎረቤት፥ አማት፥ አንዳንዴም ባል አለ። ዳሩ ግን ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው፥ ከሐፍረት ይልቅ በሩን የሚዘጋው ረዳት ማጣትና አለማወቅ ነው። አለማወቅ ስንልም የእናቲቱን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ የእኛንም ጭምር ነው። በሽታውን የገለጠች እናት መድኃኒቱን ከማን ታገኘዋለች? ልጇን አዝላ ለሕክምና ሄዳ «ይህ አይድንም» ተብላ የተመለሰች፥ ትምህርት ቤት ወስዳው «እኛ አንችለውም» የተባለች ስንት ናት? ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመለሰች በኋላ በሯን ብትዘጋ እንዴት ይፈረድባታል?

እኛ የምንለው ይህ ነው፤ «አይድንም» ማለትና «የሚደረግለት ነገር የለም» ማለት አንድ አይደሉም። በሁለቱ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ሜዳው ላይ የሚሠራው ሥራ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ በቤተ ሰቡ እጅ ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡን ማስተማርና መደገፍ ለልጁ ከሚደረገው ሕክምና በኋላ የሚመጣ ምጽዋት አይደለም፤ ራሱ የሕክምናው ግማሽ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። ሴሬብራል ፖልሲ የሚባለው በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ጉዳቱን የሚሽር ክኒን የለም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ልጅ በጀርባው አስተኝተው አጥሚት የሚግቱት እንደ ሆነ ምግቡ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣበት ይችላል። ደግፈው አስቀምጠውት፥ ራሱን ቀና፥ አገጩን ወደ ደረቱ ጥቂት ዘንበል አድርገው በትንሽ ማንኪያ ቀስ እያሉ ቢያጎርሱት ግን አደጋው ይቀንሳል። ይህን ለማሳየት አንድ ጠዋት ይበቃል። የዚያች አንዲት ጠዋት አለመኖር ግን የልጅ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ሁለተኛም እግሩ ተቆልምሞ የተወለደውን ሕፃን እንመልከት። ፖንሴቲ በሚባለው ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተቃና በጄሶ ይታሰራል፤ አብዛኛውን ጊዜም የተረከዙ ጅማት በትንሹ ይቆረጣል። የሐኪሙ ሥራ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ ለሦስት ወር ያህል በቀን 23 ሰዓት፥ ከዚያም እስከ አራት ዓመቱ ገደማ በሚተኛበት ጊዜ በብረት የተያያዘ ልዩ ጫማ ማድረግ አለበት። ልጁ ያለቅሳል፤ ጎረቤትም «ምነው ልጁን ታሠቃዪዋለሽ፥ እግሩ ድኖ የለም ወይ?» ይላል። እናቲቱ ምክንያቱን ካልተረዳችው ጫማውን ታወልቀዋለች፤ እግሩም ተመልሶ ይቆለመማል። እንግዲህ ሐኪሙ በሳምንታት የሠራውን የምትጠብቀው ወይም የምታጣው እናቲቱ ናት።

ሦስተኛም መስማት የተሳነው ልጅ አለ። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ የምልክት ቋንቋ ቢማር እንኳ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያናግረው ሰው የለም። እናትና አባቱ፥ እኅትና ወንድሙ ምልክቱን ካልተማሩለት በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ ያድጋል።

በደጃፉ ታስሮ ላየነው ዓይነት፥ መናገር ለዘገየና ጠባዩ ለሚያስቸግር ልጅም መላ አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆናቸው፥ እድገታቸው ለዘገየ ልጆች አሳዳጊዎች የሚሰጥ ሥልጠና አዘጋጅቷል። ሥልጠናው ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። የሚያስተምረውም ከልጁ ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ፥ በምልክትም በቃልም እንዴት እንደሚግባቡ፥ ሲቆጣ ወይም ራሱን ሲጎዳ ምን እንደሚያደርጉ፥ መብላትንና መልበስን በትንንሽ ደረጃ ከፍለው እንዴት እንደሚያለማምዱት ነው። ስለ አሳዳጊዎቹ የገዛ ጤናና ድካምም ይነጋገራሉ። ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን፥ ሥልጠናው የተዘጋጀው ልዩ ሐኪም በማይገኝበት አገር፥ ልዩ ሐኪም ያልሆኑ ነገር ግን በሚገባ የሠለጠኑ ሰዎች እንዲሰጡት ታስቦ መሆኑ ነው። በአገራችንም አዲስ አበባ ላይ ተሞክሯል።

ይህ የደግ ሰዎች ምኞት ብቻ አይደለም፤ ሕግም ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 23 ልጆቹ እንዳይደበቁ፥ እንዳይጣሉ፥ ቸል እንዳይባሉ ለልጆቹና ለቤተ ሰቦቻቸው ገና በጊዜ ሙሉ ማስረጃ፥ አገልግሎትና ድጋፍ መስጠት የመንግሥታት ግዴታ ነው ይላል። ልብ በሉ! ሕጉ መደበቅን የሚከላከለው ደባቂውን በመውቀስ ሳይሆን በመርዳት ነው። የጣና ዳሯ እናት የተናገረችንም ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እርስዋ አንቀጹን አለማወቋ ነው።

በአገራችን በዚህ ረገድ የተሠራውን ስንመረምር ፈር ቀዳጆቹ ብዙ ጊዜ ወላጆች ራሳቸው ሆነው እናገኛቸዋለን። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። የእርሳቸው ሥራ ስንቱን ቤተ ሰብ ከቤቱ አወጣ! ዳሩ ግን ከጣና ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለዓሣ አስጋሪ ሚስት መንገዱ የጨረቃን ያህል ይርቃታል። ደግሞስ እያንዳንዷ እናት ማዕከል ካልመሠረተች ልጇ አይማር ማለት ነውን?

እዚህ ላይ መልስ የሚሹ ተቃውሞዎች አሉ። አንዳንዶች «አገሩ ድኻ ነው፤ ደኅናውን ልጅ መች አስተማርንና?» ይላሉ። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ማንኪያ አያያዝ ለማሳየት ምን ያህል ወርቅ ያስፈልጋል? በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩ ሴቶች አሉ። ለእነርሱ ይህን ዕውቀት መጨመር አዲስ ሕንፃ አያሠራም። ሌሎች ደግሞ «ሕዝቡ ጸበል ይመርጣል» ይላሉ። ጸበል የምትሄደውን እናት የሚከለክላት የለም፤ ሊከለክላትም አይገባም። ጸበሏን ጠጥታ ስትመለስም ልጇን ማጉረስ አለባት። እኛ የምንናገረው ስለዚያች ጉርሻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከእናቶቹ የሚመጣው ነው። «ሥልጠና፥ ሥልጠና ትሉናላችሁ፤ እኔ ሥልጠና ስሄድ ልጁን ማን ይይዝልኛል? የዕለት ጉርሴንስ ማን ይሰጠኛል?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ድጋፍ የሌለው ሥልጠና በደከመች እናት ትከሻ ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ይሆናል። ልጁን ለግማሽ ቀን የሚይዝላት ሰው፥ የታክሲዋን ወይም የባጃጇን የሚሸፍን ዕድር፥ በስብሰባው ላይ ከጎኗ የሚቀመጥ ባል ያስፈልጋታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ? ቀድሞ የነበሩት ተማሪዎች ያደረጉትን እናስታውስ። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር። ያን አገልግሎት የሚያመሰግነውም የሚነቅፈውም አለ። አንድ ነገር ግን ያስተምረናል፤ እነርሱ ከሕዝቡ ጋር አንድ ዓመት ተቀመጡ፥ እኛ አንድ ቅዳሜ ሄድን።

የእኛ ከተማ ደግሞ ያልታደለች አይደለችም። ዩኒቨርሲቲያችን የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚሰጥ ክፍል፥ የሕክምና ኮሌጅና ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አለው፤ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም በሐይቁ አጠገብ ነው። ዕውቀቱ እዚሁ አለ። የጎደለው ከደንገሉ ማዶ የሚያደርሰው ድልድይ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችንና ጤና ጣቢያዎችን እንደ ጎዳ፥ መንገድንም እንዳስፈራ እናውቃለን። ስለዚህ በእግር ከሚደረስባቸው የከተማው ሰፈሮች እንጀምር፤ መንገዱ በፈቀደ መጠን ወደ ዘጌና ወደ ሌሎቹ የሐይቁ መንደሮች እንቀጥል።

ሐሳባችንን በአጭሩ እናቅርብ። ዘጠኝ ስብሰባና ሦስት ጉብኝት ሲደመር ዐሥራ ሁለት ነው፤ አንድ ሴሚስተር ደግሞ ዐሥራ ስድስት ሳምንት ያህል ነው። እንግዲያው ሥራው በአንድ ሴሚስተር ይጠናቀቃል ማለት ነው። ማስተማሩን መምህራኖቻችንና የሠለጠኑ የጤና ባለሙያዎች ይያዙት፤ ያልተማርነውን እናስተምር ብለን አንዳፈር። ትምህርቱን የጨረሱ እናቶች ደግሞ ለሚቀጥሉት እናቶች አሠልጣኝ ይሁኑ፤ እናት እናትን ትሰማለችና። የእኛ ድርሻ ልጆቹን መያዝ፥ ማጫወት፥ ውኃ መቅዳት፥ ቤት ለቤት መላላክ ነው። ሥራው ዝቅ ያለ ይመስላል፤ እናቲቱን ከቤቷ የሚያወጣት ግን እርሱ ነው። ካሜራ ይዞ መምጣት ክልክል ይሁን። ሴሚስተሩም ሲያልቅ ምን እንደ ተሠራና ምን እንደ ቀረ በዚህ መጽሔት ላይ ሳይሸፋፈን ይጻፍ።

ከዚያች መንደር ከተመለስን በኋላ ያየነውን ለአንድ መምህር አወራንላቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «የገመዱን ክፉነት አያችሁ፤ አጥር ማጠር ግን ከእናንተ ለአንዱም አልታየውም?» አሉን። አፈርን። ሸምበቆ ከሐይቁ ዳር ሞልቷል፤ የስምንት ጎልማሳ ተማሪ ጉልበትም በዚያ ቀን ሥራ ፈትቶ ቆሞ ነበር። አጥሩ ልጁን አያናግረውም፤ ከውኃው ግን ይጠብቀዋል፤ እናቲቱም ገመዱን ፈትታ ወደ ስብሰባው ትሄዳለች።

በሚመጣው ቅዳሜ አጥሩን ልናጥር እንሄዳለን። ሳሙና አንይዝም። ገጀራና ገመድ እንይዛለን፤ ገመዱ ግን ሸምበቆ ማሰሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ዐሥራ ሁለት ሳምንት ከእኛ ጋር የሚጨርስ ተማሪ ስሙን ያስመዝግብ።