ልጅ ሆቴል ምን ይሠራል?

ሰሞኑን እዚህ ፌስቡክ ላይ አንድ ጽሑፍ ከገጽ ገጽ ሲዞር ከረመ። ከሳውዝ የመጡ ባልና ሚስት ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ከተማችን ውስጥ አንድ ክትፎ ቤት ገቡ። ልጆቹ በጠረጴዛ መሃል ሮጡ፣ አንዱ አለቀሰ፣ አንዷ «ቺፕስ!» ብላ ጮኸች። በቃ፣ ጥፋቱ ይሄው ነው። ከሥሩ የተጻፈውን ኮሜንት ማንበብ ግን ያማል። «ልጅ መቅጣት ያቃታቸው»፣ «ሞግዚት ቀጥረው አይወጡም?»፣ «ልጅ ሆቴል ምን ይሠራል?» ከጻፋችሁት መሃል የኔ ተማሪዎች የነበራችሁ አላችሁ፣ ስማችሁን አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ቲቸር ረዘም አድርጎ ይጽፋል፣ ታገሱኝ።

እነዚህ «ዳያስፖራ» እያልን የምንቀልድባቸው ሰዎች እነማን ናቸው? እስቲ ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሰው ያልሄደበት ዘመድ ያለው ይንገረኝ። ብዙዎቹ የሄዱት በአውሮፕላን አይደለም። በሞያሌ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርገው ነው። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ 64 ኢትዮጵያውያን በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ሞተው የተገኙት በዚሁ መንገድ ነው። ያን አልፎ የደረሰው ሎኬሽን ለሎኬሽን ዕቃ ተሸክሞ ሸጠ፣ ቀስ ብሎ ሱቅ ከፈተ። በፈረንጆቹ 2008፣ 2015፣ 2019 የውጭ ሰው ሱቅ ሲዘረፍና ሲቃጠል ባዶ እጁን የቀረ አለ፣ እንደገናም ከዜሮ የጀመረ አለ። በዚህ መሃል አገባ፣ ወለደ። ልጁ የት ያድጋል? ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ፣ በዘይትና በዳቦ ሣጥን መሃል። አባት ሲነጋ ይከፍታል፣ ሲመሽ ይዘጋል። ደጅ ወጥተህ ተጫወት አይባልም፣ ደጁ ያስፈራል።

እሑድ ግን ሌላ ነው። ተማሪዎቼ የነበሩት በኢሞ ሲያወሩኝ ሁሌም እሑድን ነው የሚያነሱት። ከጸሎት በኋላ ልጆቻቸውን ይዘው ጄፒ ይወጣሉ። ጄፒ ጆሃንስበርግ መሃል ያለው የኛ ሰው ሰፈር ነው። መንገዱ ዛሬ በራሂማ ሙሳ ስም ተሰይሟል፣ የኛ ሰው ግን ጄፒ ማለቱን አልተወም። ድሮ የሐኪሞች ቢሮ በነበሩ ፎቆች ላይ ሱቅ በሱቅ ተደርድሯል፣ ከመሃሉ እንጀራ የሚበላበት፣ ቡና የሚፈላበት ቤት አለ። ልጁ እንጀራ መቁረስ የሚማረው እዚያ ነው። ሀዲይሳውን፣ ከምባትኛውን፣ አማርኛውን የሚሰማው እዚያ ነው። ከማያውቀው ሰውዬ ጉርሻ ይቀበላል፣ አፉን ሞልቶት ይስቃል። አገሬ የሚለውን ነገር ከዚያ ጠረጴዛ ውጭ የት ያገኘዋል?

የአገሩ ሰዎችም ቢሆኑ ልጅን ከምግብ ቤት አያባርሩም። በፈረንጆቹ 1967 ኬፕታውን ውስጥ የተጀመረውን ስፐር የሚባል ምግብ ቤት እዚያ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ለልጆች መጫወቻ ቦታ አለው፣ ልደት ሲሆን አስተናጋጆቹ እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ። ይሄ ቅድስና አይደለም፣ ንግድ ነው። ልጅ የወደደውን ቤት ወላጅ እንደሚመላለስበት ገብቷቸዋል።

አሁን ወደኛ እንምጣ። ሆሳዕና ዛሬ የክልል መቀመጫ ናት፣ ፎቅ በፎቅ ሆናለች። ስንቱ ፎቅ በማን ብር እንደቆመ ደግሞ እናውቃለን። እስቲ ከነዚህ ፎቆች ሥር አንዱ ምግብ ቤት ገብታችሁ የልጅ ወንበር ጠይቁ። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ልጅ አይደርስበትም። የልጅ መጠን የሚባል ነገር የለም፣ ወይ ሙሉ ክትፎ ይታዘዝለታል ወይ ከእናቱ ሳህን ይለቅማል። ሚጥሚጣ አይግባበት ስትሉ አስተናጋጁ ግራ ይጋባል። ምግቡ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ዝም ብሎ የሚቀመጥ የአራት ዓመት ልጅ ያለው ሰው እጁን ያውጣ! (እኔ የ16 ዓመቶቹን አንድ ክፍለ ጊዜ ለማስቀመጥ ምን እንደምሆን ታውቃላችሁ።)

ጩኸት ካነሳን ደግሞ፣ ቴሌቪዥኑ ፕሪምየር ሊግ ላይ ጣራ ይነካል። ጥግ ላይ አራት ጎረምሶች ቢራ ይዘው ለአርሰናልና ለማንቼ ጉሮሯቸውን ይቀዳሉ። ስለነሱ ማን ጻፈ? ሲጋራ በአዋጅ 1112/2011 ከቤት ውስጥ ወጥቷል፣ የልጅ ለቅሶን የሚከለክል አንቀጽ ግን የለም።

«በባህላችን ልጅ ከአዋቂ ጋር ማዕድ አይቀርብም» ያለም አለ። የቱ ባህል? እጅ አስታጥበን፣ ቆመን ጠብቀን፣ የተረፈውን የበላን እኛ ነን፣ አልክድም። ግን ያሆዴ ደርሶ አተካናው ሲቀርብ ልጅ ከቤት ይባረር ነበር? ከምባታ ለመሳላ ልጁን ደጅ ያወጣል? እንዲያውም ልጅ የሌለበት በዓል ምኑ በዓል ነው ይባላል። የነዚህ ልጆች ችግር ሌላ ነው፤ በመስከረም ትምህርት ላይ ናቸው፣ ረጅሙ እረፍታቸው የሚመጣው በታኅሣሥ ነው። ያሆዴን አያገኙትም። የሚያገኙት አያት ቤትን፣ ከተማችንን፣ ከከተማችንም ያንን ክትፎ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ እኛ በዓይናችን ገላምጠን፣ ፎቶ አንስተን ሸኘናቸው።

ለወላጆቹም አለኝ። ስልኩን ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ ለልጁ መስጠት መላ አይደለም፣ ሌላውም ሰው ጆሮ አለው። ትኩስ ነገር የያዘች ልጅ ስታልፍ ሲሮጥ ያዙት። ያፈሰሰውን ትታችሁ «ሂሳቡ ላይ ጨምሪው» አትበሉ፣ ወለሉን የምትጠርገው ገንዘብ ቤቱ አይደለም። ስትቆጡትም በሀዲይሳ ወይ በአማርኛ ተቆጡት፣ እንግሊዝኛውን እኛ እንድንሰማላችሁ እንደሆነ እናውቃለን።

ባለ ሆቴሎች፣ እናንተ ጓሮ አላችሁ። አንድ አሮጌ ጎማ በገመድ አንጠልጥሉ። ከቧንቧው ሥር በርጩማ አስቀምጡ። በደንብ የበሰለ፣ ሚጥሚጣ ያልነካው፣ የሲሶ ክትፎ ዋጋ ዝርዝራችሁ ላይ ጻፉ። ይሄ ሁሉ የአንድ ቀን ገበያችሁን አይፈጅም።

አንዱ ተማሪዬ የነበረ ባለፈው «ቲቸር፣ ልጆቼ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት እንሂድ አሉኝ፣ ቤት የሚሉት ጆበርግን ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዘንድሮ በታኅሣሥ ሊያመጣቸው አስቧል፣ የት ልውሰዳቸው ብሎ ጠይቆኛል። ያንን ጽሑፍ ሼር ያደረጋችሁ ተማሪዎቼ መጀመሪያ አጥፉት። ከዚያ በሆሳዕናም፣ በዱራሜም፣ በሺንሺቾም ልጅ በደስታ የሚቀበል ምግብ ቤት የምታውቁ ከሥር ስሙን ጻፉልኝ፣ እልክለታለሁ።